የበረንዳችን ተልባና የአያ ቸኮል ዓይን

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ጎንደር ሄጄ፣ በፒያሳ በኩል ሳልፍ ከላይ ውሃ ፈሰሰብኝ። የፈሰሰው ደግሞ ለሠርጉ ብዬ ያስሸመንኩት አዲስ ነጠላ ላይ ነው። ቀና ብዬ ልሳደብ አፌን ስከፍት ሽታው ቀደመኝ። በዛገ ጣሳ ውስጥ የሰነበተ እርጥብ አፈር ሽታ። ከላይ አንዲት ልጅ በበረንዳው ፍርግርግ መሃል አጮልቃ፣ "ውይ እማማ፣ ይቅርታ! አበባ እያጠጣሁ ነው" አለችኝ።

"አጠጪ፣ አጠጪ" አልኳት።

አብራኝ የነበረችው የወንድሜ ልጅ ገርሟት አየችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ የማልፍ ሰው አለመሆኔን ታውቃለች። እኔ ግን ነጠላዬን እያሸተትኩ መንገዴን ቀጠልኩ፤ ልቤ ሌላ በረንዳ ላይ ነበር።

የእኛም ቤት ከዚያ ብዙ የማይርቅ፣ ጣሊያን ሠርቶ ጥሎት የሄደ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ። በረንዳው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከተቀመጠበት ሦስተኛው ቆሞ የሚያወራበት ዓይነት ነው። እናቴ ግን በዚያች በረንዳ ትኮራ ነበር። ሆስፒታል ልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ስለነበር ከግቢው ቅርንጫፍ እየለመነች ታመጣና በዘይትና በሳልሳ ጣሳ ትተክላለች። ቅጠሉን ሲያሹት የሚሰነፍጥ፣ ቀይ የሚያብብ፣ እሷ "የጣሊያን አበባ" የምትለው ነበራት። አንዲት ጽጌረዳም ነበረች፤ ጽጌረዳ መሆኗን የምናውቀው ግን በእሾኋ ብቻ ነው፣ አብባ አታውቅም።

ጥፋቱ የፀሐይ ነበር። ከፊታችን ያለው ፎቅ ከእኛው ይረዝማል። ጠዋት ከተማው ሁሉ ሲሞቅ የእኛ በረንዳ እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። ፀሐይዋ የፊተኛውን ጣራ ተሻግራ የምትደርሰን ረፋዱ ላይ ነው። ገብታ አንድ አጎዛ በምታህል ቦታ ላይ ታርፍና፣ ቀስ እያለች ተንፏቃ ተንፏቃ፣ ቀትር ሳይሞላ የራሳችን ጣራ ይጋርዳታል። የእኔ ሥራ ጣሳዎቹን እያነሱ ያችን ቁራጭ ፀሐይ መከተል ነበር። ትምህርት ቤት የምገባው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ረፋዱ የእኔ ነው። እናቴ ወደ ሥራ ስትሄድ በር ላይ ቆማ፣ "አስካለ፣ ፀሐይ ስትገባ አውጫቸው፣ ስትወጣ አስገቢያቸው" ትለኛለች። በሌላ ሰው ቤት ፀሐይ ስትወጣ ይነጋል፣ ስትገባ ይመሻል። በእኛ በረንዳ ፀሐይ ረፋድ ላይ ገብታ ቀትር ላይ ትወጣለች። ቃሉ ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር።

በመስቀል ሰሞን አባቴ ከዳባት አያ ቸኮልን ይዞት መጣ። አባቴ የጭነት ማኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ያን ቀንም እንግዳውን ደረጃው ላይ አድርሶ መንገዱን ቀጠለ። አያ ቸኮል የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። እኔም እናቴም "አያ" ብለን "አንተ" እንለዋለን፤ በእነሱ አገር አንቱታው እዚያው "አያ" ውስጥ አለ። አንደኛው ዓይኑ ገና በልጅነቱ በፈንጣጣ ጠፍቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው በቀረችው ዓይን ነበር። አሁን እሷንም ሞራ ጋረዳት። እናቴ ፈረንጁ ሐኪም ሞራ እንደሚገፍፍ በሥራ ቦታዋ ስለሰማች ነው ያስመጣችው።

በማግስቱ ሦስታችን ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዓይኑን ሲያይ ቆይቶ በቋንቋው የሆነ ነገር ተናገረ፤ አጠገቡ የቆመው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ ተረጎመ።

"አባት፣ ሞራው ገና ነው። አልበሰለም። ሲበስል ይምጡና ይገፈፍልዎታል።"

"በስንት ጊዜ ይበስላል?"

"እንደ ሰውየው ነው።"

አያ ቸኮል መንገዱን ሙሉ "እንደ ሰውየው! ስንዴውስ እንደ መሬቱ ነው፤ ይህ እንዴት ያለ አዝመራ ነው?" እያለ ሲያጉረመርም መጣ። እናቴ ልታጽናናው ብላ፣ "ታገስ እንጂ አያ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል" አለችው።

"አንቺ ልትተርቺብኝ ነው እንዴ ይህን ስም ያወጡልኝ?" አላት።

ከዚያን ቀን ወዲያ መስኮቱን አዘግቶ፣ ወደ ግድግዳ ዞሮ ተኛ። የሚነሳው እኔ እጁን ይዤ ደረጃውን አውርጄ ጓሮ ሳደርሰው ብቻ ነው። የቀረበለትን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። እናቴ ስትለማመጠው ሰምቻለሁ። "መልሱኝ ወደ አገሬ" ይላታል። "ያለችኝ አንዲት ዓይን ናት። ይችን ጭላንጭሏንም በመርፌ ቢያፈሷትስ? ቢያንስ አሁን የሰው ጥላ አያለሁ።" እናቴ ደግሞ፣ "ተመልሰህ ከሄድክ በዓመቱ ጨርሶ ይጋርድሃል፤ በሬህን ማን ያያል? ማን ይመራሃል?" ትለዋለች። ቢገፈፍለት ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ቢበላሽ ቀሪ ዘመኑ ጨለማ ነው። ይህን እኔም ያን ጊዜ በደንብ ተረድቼዋለሁ። ያልተረዳሁት መብሰሉን ነው።

አንድ ረፋድ እንደ ልማዴ በረንዳው ላይ ቆሜ "ፀሐይ ገባች! ፀሐይ ገባች!" እያልኩ ጣሳዎቼን ሳወጣ፣ ከውስጥ ከጨለማው ክፍል የአያ ድምፅ መጣ።

"ምነው፣ ምሳ ሳልበላ መሸ?"

"አልመሸም አያ። ፀሐይ ገባች እኮ ነው የምለው።"

"ፀሐይ ከገባች ታዲያ ምን ቀረ? ስንዱ መጣች?"

"እማዬማ ማታ ነው የምትመጣ።"

"ፀሐይ ከገባች ማታ አይደለም?"

"ማታ ፀሐይ የለችም እኮ!"

"እኔስ ምን አልኩ?"

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ቆየን። እኔ ሽማግሌው ጃጅቷል አልኩ፤ እሱ ደግሞ ስንዱ የወለደቻት ልጅ ሞኝ ናት ሳይል አልቀረም። በመጨረሻ ተነስቶ ተቀመጠና እጁን ዘረጋ። "ነይ ምሪኝ እስኪ። ረፋድ ላይ የምትገባ ፀሐይ ሰምቼ አላውቅም።"

አውጥቼ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ያች ቁራጭ ፀሐይ ጉልበቱ ላይ አረፈች። እጁን ዘርግቶ መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ቀጥሎ ጥላውን ዳበሰና፣ "እውነትም ገብታለች" አለ። እንደ ድል ቆጠርኩት።

እጁ ሲዳብስ የእናቴን ጣሳዎች አገኘ። ቅጠሉን አሸና አሸተተ።

"ይህ ምን ያፈራል?"

"አበባ።"

"ከአበባው በኋላስ?"

"ምንም።"

"ምንም!" አለ። "ስንዱ ከተማ ገብታ ምንም መዝራት ጀመረች በሉኛ።" ቀጥሎ ከጣሳው አፈር ቆንጠር አድርጎ በጣቶቹ ፈተገ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደ። "ይህ አፈር ርቦታል። አመድ አላችሁ?"

በማግስቱ እናቴ ለጾም ካስቀመጠችው ያልተቆላ ተልባ እፍኝ ለመነ። "አሁን እኮ የዘር ወቅት አልፏል አያ" ብትለው፣ "የጣሳ አፈር ወር አያውቅም" አላት። ባዶ ጣሳ ከየቦታው ለቃቅሜ አመጣሁለት። አፈሩን ከአመድ ጋር ለውሶ ሞላና፣ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ክንዱን እንደ ሰፊ ማሳ ዘርጋ አድርጎ ዘራ። ግማሹ ዘር የዘነበው ከታች በሚያልፈው ሰው ራስ ላይ ሳይሆን አልቀረም። ከጨረሰ በኋላ እጁን አራግፎ እናቴን ጠራት።

"ስሚ ስንዱ። ይህ ተልባ እስኪበስል እቀመጣለሁ። እስከዚያ ሞራዬ ከበሰለ ይግፈፉት፤ እሽ ብያለሁ። ካልበሰለ ግን ተልባዬን አጭጄ አገሬ እገባለሁ፤ አትከልክይኝ።"

"በቃልህ?"

"በቃሌ።"

እናቴ የተሻለ ነገር እንደማታገኝ ስላወቀች ተስማማች። ጭንቀቱ የወደቀው እኔ ላይ ነው። እንደ እኔ አስተሳሰብ በረንዳው ላይ ሁለት ነገር ተዘርቷል፣ ተልባና የአያ ዓይን። ሁለቱም መብሰል አለባቸው። ዓይኑ ከተልባው ካልቀደመ አያ ጥሎን ይሄዳል። ሁሉን የምታበስለው ፀሐይ ናት፤ ፀሐይ ደግሞ ያለችን አንዲት አጎዛ የምታህል ናት። ለሁለት አትበቃም።

ስለዚህ ፈረድኩ። ፀሐይ ስትገባ ጣሳዎቹን ወደ ጥግ ገፋ አደርግና በርጩማውን መሃሏ ላይ አስቀምጣለሁ። "አያ፣ ቀና በል። ዓይንህን ግለጥ" እለዋለሁ። ፀሐይዋ ስትንፏቀቅ እሱንም አንፏቅቀዋለሁ። "ይህች ልጅ ለአጥንቴ አዝናልኝ ነው" እያለ ይመርቀኛል። "እደጊ፣ ክፉ አይንካሽ።" እኔም ምርቃቴን ተቀብዬ ዝም። ተልባው በቀለ፤ ግን አንገቱ ነጣ ብሎ፣ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ነፋስ ሳይነካው የሚጋደም ነበር። የጣሊያን አበባውም ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። እናቴ ማታ ማታ "ምነው አስካለ፣ አታወጫቸውም እንዴ?" ስትለኝ "አወጣቸዋለሁ" እላለሁ። ማውጣቱንስ አወጣቸው ነበር፤ ወደ ጥላ።

አንድ ቀን አያ ማሳውን ሊጎበኝ እጁን ወደ ጎን ሰደደ። ጣሳዎቹን ከጥጉ አገኛቸው።

"እንዴ፣ ይህ ሁሉ ቀዝቅዟል! ፀሐይዋ እኔ ላይ ናት፣ ማሳዬ ጥላ ውስጥ። ምነው አስኩ?"

ጣሳዎቹን ወደ ፀሐይዋ መግፋት ጀመርኩ።

"ምነው ልጄ?"

"ዓይንህ ከተልባው ቀድሞ እንዲበስል ብዬ ነው" አልኩት።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያመመው መስሎኝ ደነገጥኩ። ሳቅ ነበር። እስኪያስለው ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ትንፋሹ ሲመለስ አቅርቦ አስቀመጠኝ።

"የዓይን መብሰል እንዲያ አይደለም። ሞራ በሰለ የሚሉት ጨርሶ ሲጋርድ ነው። አሁን የእጅሽን ጥላ አያለሁ። ጣሳዎቹም ጠቆር ጠቆር ብለው ይታዩኛል። እሱም ሲጠፋ ነው በሰለ የሚሉኝ።"

እኔ ደግሞ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ጠዋት ጠዋት "የአያን ዓይን አብስልለት" ብዬ ስጸልይ ነበር የከረምኩት፤ ለካስ እንዲጨልምበት ነው።

"ተይ አታልቅሺ" አለኝ። "እህልስ የሚበስለው ልምላሜው ሲጠፋ አይደለም? አረንጓዴውን የሚያጭድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"የሚያጭድ ሰውም አይቼ አላውቅም።"

"ወይ የከተማ ልጅ! እንግዲያ ዘንድሮ ታያለሽ።"

የተልባውን አንገት በጣቱ ዳበሰ። "ወደ መንገዱ የሚያጋድል መስሎኝ ነበር" አለ፣ "ወደ ውስጥ ነው ግን። ወደ ግድግዳው። እዚያ ምን አለ?"

"ጋቢህ ነው። እማዬ አጥባ አስጥታዋለች።"

"ነጭ ሆኖ ታጥቧል?"

"በጣም።"

"ሸጋ! እሱ ነው እንግዲህ። ፀሐይዋን ተቀብሎ የሚመልስላቸው እሱ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ጋቢው ልብስ መሆኑ ቀረ። ከጣሳዎቹ ጀርባ በገመድ ወጥረን እንሰቅለዋለን፤ ፀሐይዋ ስትገባ በረንዳው ሁሉ ብርሃን ይሆናል። አያ በብርድ ነጠላ ደርቦ ይቀመጣል። እናቴም ነገሩን ስትረዳ አንሶላችንን ጨመረችበት። ተልባው በሁለትና በሦስት ሳምንት አንገቱን አቃና። ከገና በፊት ደግሞ አበበ።

የተልባ አበባ የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው። ሰማያዊ ነው፣ ስስ ነው፣ ጠዋት ተከፍቶ ቀትር ላይ ይረግፋል። ፀሐይ ቀትር ላይ ለምትለየው በረንዳ የተሠራ ይመስላል። የእናቴ የጣሊያን አበባም ከጎኑ ቀይ እቅፍ እቅፍ አወጣ። ከታች የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ ከፊታችን ካለው ፎቅ አንዲት ሴትዮ "ያ ሰማያዊው ምንድን ነው?" ብላ ጮኻ ጠየቀችን። አያ "ተልባ ነው!" ብሎ መለሰላት። ያልሰማች መስሎት ደገመላት። እናቴ ከሥራ ልትቀር እስክትደርስ ድረስ በረንዳው ላይ ትቆማለች። አያ በየማለዳው "ዛሬስ ምን ምን ተከፈተ?" ይለኛል፤ እኔም እየዞርኩ እነግረዋለሁ።

አንድ ቀን ግን እንዲህ ስነግረው ሰማኝና፣ "ጣሳዎቹን ወዴት ወሰድሻቸው?" አለኝ።

ከፊቱ ነበሩ። ጉልበቱን ሊነኩ ምንም አልቀራቸውም።

"እዚሁ ናቸው አያ።"

እጁን ዘርግቶ ነካቸው። እጄን ከፊቱ አወዛወዝኩ፤ ዓይኑ አልተከተለውም። ብርሃንና ጨለማ ከመለየት ሌላ የቀረው ነገር አልነበረም። እጁን ከጣሳዎቹ ሳያነሳ፣ "እንግዲህ በሰለ" አለ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። በማግስቱ ሆስፒታል እንውሰድህ አለችው። አያ ግን፣ "ተልባዬ አልደረሰም፤ እስኪበስል ነው ያልኩሽ" አለ። እሷ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ሆነን ብንለምነው፣ "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ" ብሎ ሁለታችንንም በአንድ አፍ ዘጋን። መፍራቱን እናውቃለን። እሱም ማወቃችንን ያውቃል። አበባው ረግፎ ፍሬው እንደ ዶቃ ድቡልቡል አለ፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ። አያ ጠዋት ጠዋት አንዱን ዘንግ ጆሮው ሥር ይዞ ይነቀንቃል። ምንም ካልተሰማው ፊቱ ፈታ ይላል። "ገና ነው" ይላል። ገና ነው ማለት ሌላ አንድ ቀን ማለት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ አንድ ረፋድ ነቀነቀና ቆመ። እንደገና ነቀነቀ። ሌላ ዘንግ ይዞ ደገመው። ከዚያ ወደ እኔ ጆሮ አቀረበው።

"ስሚ።"

በፍሬው ውስጥ ደቃቅ ነገር ይንሿሿል። ገና ነው ቢለኝ አምነው ነበር፤ የተልባን ነገር ከእሱ በቀር የሚያውቅ በዚያ ቤት ማን ነበር? እሱ ግን፣ "ደርሷል" አለ። "ሰው በቃሉ ነው። ማጭዱን አምጪልኝ፤ ማጭድ ከሌለ ቢላም ይሆናል።" እንዴት እንደሚታጨድ እያሳየኝ አጨድነው። ምርቱ አንድ ስኒ አልሞላም። እናቴ ማታ ስትመጣ አያ ልብሱን ለብሶ፣ ጋቢውን ከገመድ አውርዶ፣ በርጩማው ላይ ጠበቃት።

ሞራው ከተገፈፈ በኋላ ራሱን እንዳያንቀሳቅስ በአሸዋ ከረጢት ደግፈው አስተኙት፤ ልጅ አይገባም ተብዬ እኔ አላየሁትም። እናቴ በሥራዋ መሃል እየሮጠች ታየዋለች። "ምን አለ?" ስላት "ምንም አላለም" ትለኛለች። ቤታችን እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በረንዳው ላይ ጣሳዎቹን አወጣለሁ፣ አስገባለሁ፤ ልቤ ግን የለም።

ፋሻው የሚፈታ ዕለት እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አያ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፣ ድሬሰሩ ወፍራም መነጽር አደረገለትና ጣቶቹን ከፊቱ ዘረጋ።

"አባት፣ ይህ ስንት ነው?"

አያ አልመለሰም። ድሬሰሩ ደገመ። የእናቴ እጅ የእኔን አጥብቆ ጨመቀው።

አያ ግን ጣቱን እያየ አልነበረም። በጣቱ አሻግሮ እናቴን ነበር የሚያይ።

"ስንዱ" አለ። "ምነው እንዲህ አረጀሽ?"

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። የጎረቤት ሴት ሽበቷን ብታነሳባት የምታኮርፍ ሰው፣ እዚያው በሽተኛ መሃል ቆማ እልል አለች። እኔ ግን ተናደድኩ።

"አላረጀችም!" አልኩት።

ድምፄን ሲሰማ ደነገጠ። መጀመሪያ የፈለገኝ በእናቴ ትከሻ ቁመት ላይ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረደና ወገቧ ሥር አገኘኝ።

"አስኩ፣ አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

"ይችን ታህያለሽ?" አለና እጁን ራሴ ላይ ጫነ። "ያን ሁሉ ደረጃ ስታወርጅኝ የከረምሽ ይችን እያህልሽ ነው? እኔ እኮ ትልቅ ሰው የያዘኝ መስሎኝ ተደግፌብሽ ነበር።"

ዕንባው ከመነጽሩ ሥር ወረደ። ድሬሰሩ ደንግጦ፣ "አባት፣ ኧረ ዓይንዎን አያርጥቡት! አያልቅሱ!" ሲል ተቆጣው።

"ተወኝ ልጄ" አለው አያ ቸኮል፣ ከእኔ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ። "እያየሁ ነው።"